አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ያለችው ፊልም መጫኛና የጃፓኖቹ የገንዘብ ፊልሞች

ከአራት ኪሎ ሐውልት ወደ ፒያሳ ሲሄዱ፣ ምድር ቤቱ ጫማና የስልክ ቀፎ የሚሸጥበት አንድ አሮጌ ፎቅ አለ። ደረጃውን ሁለት ጊዜ ታጥፈው ሲወጡ በስተቀኝ ሦስተኛዋ በር ፊልም መጫኛ ናት። ታፔላ የላትም፤ በሩ ላይ «ፊልም እንጭናለን» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ የባለሱቁ ነው። ሁለት ደንበኛ ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ደረጃው ላይ ይጠብቃል። ተራ ፊልም 20 ብር፣ ባለሱቁ ራሱ ከምስሉ ሥር የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ የሠራለት ፊልም 50 ብር ነው። በእጅም በቴሌብርም ይቀበላል። እኔ ላለፉት አራት ወራት የከፈልኳት እያንዳንዷ 50 ብር አላስቆጨችኝም። ለምን እንደሆነ ልናገር።

በአንድ ባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር 17 ዓመት ሞልቶኛል። ዕቁብ የደረሰው፣ ሎተሪ የወጣለት፣ የአባቱን ቤት የሸጠ፣ ካሳ የተከፈለው፣ ሁሉም በፊቴ አልፏል። ያልጠበቀው ገንዘብ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዞር ብሎ ከኋላው የቆመውን ያያል። ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ያ ዞር ማለቱ ነው። ከኋላው የቆመው ሰው እኮ ከአምስት ደቂቃ በፊት ወረፋ ላይ አብሮት ሲያወራ የነበረ ነው።

ይህን ነገር የሚያሳይ ፊልም ስፈልግ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። የምናያቸው አብዛኞቹ ሀብታሙን ከመጀመሪያውም ሀብታም፣ ከመጀመሪያውም ክፉ አድርገው ያመጡታል። ገንዘቡ ሰውየውን ቀን በቀን፣ ጥቂት በጥቂት ሲወስደው አናይም። ጃፓኖች በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው ሠርተዋል ሲባል ሰምቼ ሌላ ሰፈር አንድ ሱቅ «የጃፓን ፊልም» ብዬ ብጠይቅ፣ የሰይፍና የካራቴ ፊልም ፍላሼን ሞልቶ ሰጠኝ፤ ግማሹም አልከፈት አለ።

እዚህ ስመጣ ባለሱቁ ፍላሼን ከመቀበሉ በፊት ጠየቀኝ። «እህቴ፣ ገንዘቡ መጥቶ የሚሄድበትን ነው የፈለግሽው፣ ወይስ መጥቶ የሚቀርበትን?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ባለሱቅ አጋጥሞኝ አያውቅም። «የሚቀርበትን» አልኩት። «እንግዲያው አራት አሉኝ፤ ግን አንድ ላይ አልሰጥሽም። አንዱን አይተሽ ተመለሽ» አለኝ። መጀመሪያ ገበያ የሚያመላልስ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ተራ በተራ የሰጠኝ ፊልሞቹ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ነው፤ ይህን የተረዳሁት ሁለተኛው ላይ ስደርስ ነው።

የመጀመሪያው የአኪራ ኩሮሳዋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው። የጃፓንኛ ስሙ ትርጉም «ገነትና ሲኦል» ማለት ነው፤ ባለሱቁም እንዲሁ ብሎታል። ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው ጎንዶ የጫማ ፋብሪካ ኃላፊ ነው። ዮኮሃማ ከተማ ላይ፣ ከኮረብታ ጫፍ፣ ሁሉን ቁልቁል የሚያይ ቤት አለው። ድርጅቱን በእጁ ለማስገባት ቤቱን ሳይቀር አስይዞ 50 ሚሊዮን የን አዘጋጅቷል። በዚያው ምሽት ስልክ ይደወላል፤ ልጅህን አግተናል፣ 30 ሚሊዮን የን አምጣ ይሉታል። ግን አጋቹ ተሳስቷል። ልጆቹ ሲጫወቱ ልብስ ተቀያይረው ስለነበር የወሰደው የሾፌሩን ልጅ ነው። አጋቹ ስሕተቱን ቢያውቅም ገንዘቡን አልተወም።

ከዚህ በኋላ ያለው የፊልሙ ግማሽ ማለት ይቻላል በአንድ ሳሎን ውስጥ ያልቃል። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ምክንያቱም አጋቹ ከታች ሆኖ ያያቸዋል። ሾፌሩ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጎንዶ አልከፍልም ይላል፣ ሚስቱ ትለምነዋለች፣ ፖሊሶቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለዋል። እኔ ያየሁት ሶፋዬ ላይ ሆኜ ነው፤ ግን ያ ሳሎን ውስጥ ቆሜ የነበርኩ ያህል እግሬ ደከመኝ።

አሁን ስለ ጽሑፉ ልናገር፣ ምክንያቱም የሱቁ ዋናው ሥራ እሱ ነው። ባለሱቁ የሚተረጉመው ከእንግሊዝኛው ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ እርስዎና አንተ የለውም። አማርኛው ላይ ሾፌሩ ጌታውን «እርስዎ» ይላል፣ ጎንዶ ሾፌሩን «አንተ» ይላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። አጋቹ ስልክ ላይ ጎንዶን «አንተ» ይለዋል፤ ጎንዶ ከዚህ በፊት ማንም አንተ ብሎት የማያውቅ ሰው እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። ከዚያ ገንዘቡ ተከፍሎ ልጁ ሲመለስ ጎንዶ ሾፌሩን የሚያናግርበት ቃል ይለወጣል። «እርስዎ» ይላል። ለቅጽበት ታየኝና ተሳስቼ ያነበብኩ መሰለኝ፤ ወደኋላ መልሼ አየሁት። በነጋታው ሄጄ ባለሱቁን ጠየቅሁት። «የሰውየውን ትከሻ እይው፣ ወርዷል። አንተ ብሎ ሊቀጥል አይችልም» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የገባበት የአማርኛ ጽሑፍ በትልቅ ገንዘብ በተሠሩ ትርጉሞችም አላየሁም።

አንድ ቦታ ግን አልተስማማንም። መጨረሻ ላይ ጎንዶ ወኅኒ ቤት ሄዶ አጋቹን በመስታወት በኩል ያየዋል። ባለሱቁ ጎንዶን እዚያ ላይ አጋቹን «እርስዎ» አሰኝቶታል። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። እሱ ደግሞ «የማያውቀውን ሰው እኮ ነው የሚያናግረው፤ ሕይወቱን ያፈረሰበትን ሰው ገና አሁን ነው ያየው» ይላል። ሁለት ሳምንት ተከራክረናል፤ እኔም ከሐሳቤ አልተነሣሁም።

ስለዚህ ፊልም ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ገንዘቡ የሚጣለው ከሚበር ባቡር፣ በመታጠቢያ ክፍሉ መስኮት ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው 7 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ቦርሳዎቹ ከዚያ ውፍረት ማለፍ የለባቸውም። እስር ብር ስነካ የምውል ሰው ነኝና ይህን ሳይ ጣቶቼ ራሳቸው ሲለኩ አገኘኋቸው። ሁለተኛው፣ ፖሊሶቹ ቦርሳው ከተቃጠለ ቀለም ያለው ጭስ የሚያወጣ ነገር ሊደብቁበት ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ጎንዶ ተነሥቶ የድሮ የጫማ ሠሪነት መሣሪያ ቦርሳውን ያመጣል፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ቆዳውን በገዛ እጁ ይሰፋል። ሀብታሙ ሰውዬ ተለማማጅ ሳለ የነበረውን እጁን መልሶ ያገኘው ሊደኸይ ሲል ነው። ከዚያ ጥቁርና ነጭ የነበረው ፊልም ላይ ከጭስ ማውጫው ሮዝ ጭስ ይወጣል። የ14 ዓመቷ ልጄ እስከዚያ ድረስ ስልኳን እያየች ነበር፤ «እማዬ፣ ቀለም!» ብላ ጮኸች።

ሁለተኛው «ማሩሳ ኖ ኦና» ይባላል፣ የጁዞ ኢታሚ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. 1987። ማሩሳ ማለት የጃፓን የግብር መርማሪዎች መጠሪያ ነው፤ ምርመራ የሚለውን ፊደል በክብ ውስጥ ከመጻፍ የመጣ ነው። ኢታሚ የመጀመሪያ ፊልሙ ገንዘብ ሲያመጣለት የግብሩ ሂሳብ አስደንግጦት ነው ወደዚህ ታሪክ የገባው። መርማሪዋን የምትጫወተው የራሱ ሚስት ኖቡኮ ሚያሞቶ ናት፤ ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ ያለባት፣ ፀጉሯ ከእንቅልፍ እንደተነሣች የቆመ። የምታሳድደው ሰው ጥንዶች በሰዓት የሚከራዩት ሆቴል ባለቤት ነው።

ፊልሞቹ የሚነጋገሩት እዚህ ላይ ነው። ያን ሀብታም የሚጫወተው ጹቶሙ ያማዛኪ ነው፤ በ1963ቱ ፊልም ከታች ሰፈር ሆኖ የኮረብታውን ቤት ሲያይ የኖረው ድሃው አጋች። ከ24 ዓመት በኋላ ሀብታም ሆኖ መጥቷል፤ የገጸ ባሕርይው ስም ደግሞ ጎንዶ ነው። ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ አልነገረኝም። እኔው ፊቱን አውቄ ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ስነግረው በጣም ተደሰተ።

ጊዜው ጃፓን በገንዘብ የሰከረችበት ነው። ማዕከላዊ ባንካቸው በዚያው በ1987 ወለዱን 2.5 በመቶ አድርሶት ነበር፤ ብድር ረከሰ፣ መሬት ጣራ ነካ፣ አክሲዮን ጣራ ነካ። የአክሲዮን መለኪያቸው ኒኬይ እ.ኤ.አ. በ1989 ዲሴምበር 29 ቀን 38,915 ላይ ዘጋ፤ ከዚያ ወደቀ። ያን ቁጥር መልሶ ያለፈው በ2024 ፌብሩዋሪ ነው። 34 ዓመት! ኢታሚ ፊልሙን የሠራው ግብዣው ሳያልቅ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ መሆኑ ያስደንቀኛል።

አንድ ትዕይንት አለ፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ። ጎንዶ ገንዘብ እንዴት እንደሚጠራቀም ያስረዳል። ውሃ ጠብ ጠብ የሚልበት ብርጭቆ አስብ ይላል። ጠምቶሃል፣ ግማሽ ሲሞላ ትጠጣለህ፤ እሱ ሞኝነት ነው። እስኪሞላ ትጠብቃለህ፤ ሲሞላም አትነካውም። ሞልቶ የሚፈሰውን ብቻ ትልሳለህ። ባለሱቁ ይህን ሲተረጉም «ትልሳለህ» የሚለውን ቃል አላለዘበውም፤ ደግ አደረገ። ብርጭቆው ሙሉ ሆኖ ጠርዙን የሚልስ ሰው በየቀኑ መስኮቴ ላይ ይመጣል። ፊልሙ ከመሃል በኋላ ማሳደድ ብቻ ይሆንና ይረዝማል፤ ግን ለዚያች ብርጭቆ ሲባል መታየት አለበት።

የሦስተኛውን ከማውራቴ በፊት የቤቴን ጉዳይ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ለምን እንዳስለቀሰኝ አይገባችሁም። እናታችን ካረፈች በኋላ ሠራተኛ ሰፈር ያለውን ቤቷን ሸጠን ለሦስት ተካፈልን፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴና ወንድማችን። ወንድሜ ድርሻውን በእጁ ይዞ መሄድ ፈለገና እኔ መስኮት መጣ። አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ በማሽን አሳልፌ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ፣ ፊት ለፊቴ፣ እስሩን ፈትቶ መልሶ ቆጠረው። አንድ ሉክ ደብተር ለሁለት ቀደን የተማርን ልጆች ነን። ቆጥሮ ሲጨርስ ልክ ነው አለ። እኔ አመሰግናለሁ አልኩት፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። በእናታችን ሙት ዓመት አልመጣም፤ ከዚያ ወዲህ ከእህቴ ጋር ቃል አልተለዋወጡም።

እንግዲህ ሦስተኛው ፊልም «ኦኩ ኦቶኮ» ነው፣ ኬይሺ ኦቶሞ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. የ2018። ኦኩ አንድ መቶ ሚሊዮን ማለት ነው። ካዙኦ የሚባል ሰው ቀን ቤተ መጻሕፍት ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ እየሠራ የወንድሙን ዕዳ ይከፍላል፤ ሚስቱና ልጁ ተለይተውታል። በድንገት የ300 ሚሊዮን የን ሎተሪ ይወጣለታል። ፈርቶ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን፣ አሁን ትልቅ ሀብታም የሆነውን ጹኩሞን ያማክራል። ያድራሉ፣ ይጠጣሉ፤ ሲነጋ ጓደኛውም ገንዘቡም የለም። ባለሱቁ በጽሑፉ ላይ የንን ወደ ብር አልመነዘረም፤ ምንዛሪው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ነው ያለኝ፣ ትክክል ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ፊልም ከአራቱ ደካማው ነው። ሰዎቹ ስለ ገንዘብ ንግግር ያበዛሉ፤ ማየት የምችለውን ለምን ይነግሩኛል? ግን ሁለት ነገር ከልቤ አልወጣም። ስሞቻቸው ሲጻፉ በካዙኦ ውስጥ 1 የሚለው ፊደል አለ፣ ጹኩሞ ደግሞ 99 ተብሎ ነው የሚጻፈው። አንድ ላይ 100 ናቸው። ለብቻቸው ሲቆሙ ግን አንዱ 99 ሆኖም ጎዶሎ ነው።

ሌላው፣ ፊልሙ ውስጥ የሚጠቀስ አንድ የቆየ የጃፓን ተረት አለ። ራኩጎ ይሉታል፤ አንድ ሰው ብቻውን ተንበርክኮ ተቀምጦ፣ በማራገቢያና በመሐረብ ብቻ እየታገዘ ሁሉንም ሰው ሆኖ የሚተርከው ነው። ባለሱቁ ተረቱን የማያውቅ ሰው ፊልሙ እንዳያመልጠው ብሎ በአንድ ገጽ ወረቀት አትሞ ከፍላሹ ጋር ሰጠኝ፣ ያለ ክፍያ። «ሺባሃማ» ይባላል። አንድ ሰካራም ዓሣ ሻጭ በማለዳ ባሕር ዳር ገንዘብ የሞላበት ቦርሳ ያገኛል። ወደ ቤቱ ሮጦ ይመጣል፣ ጓደኞቹን ጠርቶ ይጠጣል፣ ይተኛል። ሲነቃ ሚስቱ ምን ቦርሳ ትለዋለች፤ ሕልም አይተህ ነው። እሱም አፍሮ መጠጥ ይተዋል፣ ሦስት ዓመት ጠንክሮ ሠርቶ ሱቅ ይከፍታል። በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት ሚስቱ ቦርሳውን አውጥታ ፊቱ ታስቀምጠዋለች፣ ዋሽቼህ ነበር ብላ ታለቅሳለች። አይቆጣም፤ ያመሰግናታል። ትቀዳለታለች። ጽዋውን ከንፈሩ ድረስ ያደርስና ያስቀምጠዋል፤ ደግሞ ሕልም ይሆንብኛል ብሎ።

ያን ወረቀት እህቴ ቤት ቡና እየተፈላ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እህቴ ሁለተኛውን ስኒ ሳትቀዳ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። «እማማም ብትሆን እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ትደብቅብን ነበር» አለች። ከዚያ ስለ ወንድሜ ሌላ ነገር አልተናገርንም።

አራተኛው የኬንጂ ሚዞጉቺ «ኡጌትሱ» ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1953። በጦርነት ጊዜ ሸክላውን በውድ ዋጋ ሸጦ ብር የቀመሰ ሸክላ ሠሪ ታሪክ ነው። ለሚስቱ ቀሚስ ይገዛላታል፤ እሷ ግን የምትፈልገው እሱን ነው። ምድጃው በወታደሮች መሃል ሲነድ ነፍሱን ትቶ ሸክላውን ለማዳን የሚሮጥበት ቦታ አለ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እዩት።

የሱቁ ጉድለቶችም አሉ። «ኡጌትሱ» ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ ሁለት ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ነግሬው አስተካክላለሁ ብሏል፣ እስካሁን አላስተካከለም። የፊደሉ ቀለም ነጭ ስለሆነ በረዶና ነጭ ግድግዳ ላይ አይነበብም፤ ቢጫ ቢያደርገው ለእኔ ዓይን ይሻላል። የ«ማሩሳ» የመጀመሪያ ቅጂዬ መጨረሻው ላይ ተቆርጦ ነበር፤ ስመልሰው ሳይጨቃጨቅ ሌላ ጫነልኝ። መብራት በሄደ ቀን አይሠራም፤ ጄኔሬተር የለውም። ዓርብ ከሰዓት ይዘጋል። ደረጃው ለጉልበት ሕመምተኛ አይመችም፤ እህቴ አንድ ጊዜ ወጥታ ሁለተኛ አልሞከረችም። ለቸኮለ ሰውም ይህ ሱቅ አይሆንም፤ ባለሱቁ ካየሽው ፊልም አንድ ነገር ሳይጠይቅ ቀጣዩን አይጭንም።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛ አግኝቻለሁ ብሎ ደውሎልኝ ነበር፤ ገና አልሄድኩም። ፍላሹ እጄ ላይ የለም። እህቴ ለልጅዋ አስይዛ፣ የሺባሃማን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላበት፣ ለወንድማችን ልካለታለች። ልጅዋ በር ላይ ተቀበለኝ ብላለች፤ ሌላ ያለችው ነገር የለም። ቅዳሜ ለአምስተኛው ፊልም አዲስ ፍላሽ እገዛለሁ።